ከፍሬኑ ዘንግ በታች የነበረችው ቀይ መስመር

ሙሉ ስሙ ከነአያቱ በጡረታ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሰፍሯል፤ ሰው የሚያውቀው ግን «መዶሻ» በሚለው መጠሪያው ነው። ዕድሜው ስድሳ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር። መጠሪያውን ያተረፈው በጠበኝነት አይደለም። ሠላሳ አራት ዓመት የባቡር ጣቢያው የፉርጎ መርማሪ ሆኖ ሲያገለግል፣ እጀታው የረዘመ መዶሻ ይዞ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ እየዞረ መንኮራኩሩን መታ፣ ጆሮውን ዘንበል፣ እንደገና መታ ያደርግ ስለ ነበር ነው። ጤነኛ ብረት እንደ ደወል ያስተጋባል፤ የታመመ ብረት ደረቅ ሳል ይስላል። መዶሻ ይህን ልዩነት በእንቅልፍ ልቡም አይስተውም ይባል ነበር። ስለ ሰው የሚባለው ሁሉ እውነት አይሆንም፤ ይህኛው ግን እውነት ነበር። የታሪኩ ክፋትም እዚህ ላይ ነው፤ ማየት የማይችል ሰው ቢሆን ኖሮ ይቅርታው በቀለለ።

ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ከሳሎኑ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ከባለቤቱ በልመና ተቀበለ። ልብስ መተኮሻ የነበረችው ክፍል አሁን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ የሦስት ሜትር ጠረጴዛ ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ የጣቢያው ግቢ፣ ሐዲዱ፣ የውሃ ጋኑ፣ የዕቃ መጋዘኑ፣ ከዳገቱ ግርጌ ያለው የመንገድ ማቋረጫ ሳይቀር ሰማንያ ሰባት ጊዜ አንሰው ተሠርተዋል። በዚህ ልኬት ዐሥር ሜትር የሚረዝም ፉርጎ ዐሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ሰው ሁለት ሳንቲ ሜትር ከሞላ ረጅም ነው። የፉርጎውን ግድግዳ ከቀጭን የፕላስቲክ ሉህ ይቆርጣል፤ የብሎኖቹን ራስ ከጀርባ በኩል በመርፌ ጫፍ እየገፋ አንድ በአንድ ያወጣቸዋል፤ የፍሬኑን ዘንግ ከመዳብ ሽቦ ያጥፋል። በጎንና በጎን መቶ ዐሥራ ሁለት ብሎን ካለ መቶ ዐሥራ ሁለት ብሎን ይኖራል። መቶ ዐሥራ አንድ ያደረገ እንደሆነ ፕላስቲኩን ጥሎ ከሀ ይጀምራል።

ስሙን ያስጠራው ግን መሥራቱ ሳይሆን ማስረጀቱ ነው።

«አዲስ ቀለም የተቀባ ፉርጎ መጫወቻ ነው» ይላል። «ፉርጎ የሚሆነው የደረሰበት ሁሉ ሲታይበት ነው።»

ስለዚህ ቆርጦ፣ አጣብቆ፣ ቀብቶ የጨረሰውን መልሶ ያስረጀዋል። ጥቁርና ቡናማ ቀለም በአልኮል አቅጥኖ በመላ አካሉ ላይ ያለብሰዋል፤ ከዚያ ዝናብ በሚወርድበት አቅጣጫ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በጥጥ ይጠርገዋል። እድፉ በየማዕዘኑና በየብሎኑ ሥር ብቻ ይቀራል። ጠመኔ በብርጭቆ ወረቀት ላይ ፍቆ ያገኘውን ዱቄት በለስላሳ ብሩሽ ከመንኮራኩሮቹ አጠገብ ይነሰንሳል፤ ያ የመንገድ አቧራ ነው። ለዝገት ብቻ ሦስት ብልቃጥ አለው፤ የዝናብ፣ የእርጥብ ጭነትና የስንጥቅ። ሦስቱን አደባልቆ የሚቀባ ሰው በእሱ ዓይን ፊደል ሳይለይ ደብዳቤ የሚጽፍ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ምክንያቱን የማታውቀውን እድፍ አትቀባ። በእያንዳንዱ ፉርጎ ሆድ ሥር ደግሞ በመርፌ ጫፍ ቀን ይጽፋል። ፉርጎው ልክ በዚያ ቀን የነበረውን መልክ ይዟል ማለት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የደረሰ ጭረት አይፈቀድም፤ ከዚያ በፊት የደረሰውም አይዘለልም።

ባለቤቱ በዚህ ሥራ ላይ የራሷ አስተያየት አላት።

«ሰው ያረጀ ነገር ያድሳል፤ አንተ አዲሱን ታስረጃለህ» ትለዋለች በሩ ላይ ቆማ መጥረጊያዋን እንደ ዘብ ጠብመንጃ ይዛ። «እንዲያው ይህን ጥበብህን ገልብጠኸው ለእኔ ፊት ብታውለው ምናለበት?»

«ያንቺ መስመር ሁሉ ምክንያት አለው፤ አይነካም።»

«ምክንያቱማ አንተ ነህ!»

ይሳሳቃሉ። አርባ ሁለት ዓመት አብረው የኖሩት በዚህ ዓይነት ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን ያልነገራት አንድ ነገር ነበር።

ባለፈው ዓመት የቀድሞው ጣቢያ ሕንፃ ቤተ መጻሕፍት እንዲሆን ተወሰነ። የመንገደኞች ማረፊያ የነበረው አዳራሽ አንድ ጥግ ለባቡር መታሰቢያ ተሰጠ፤ የጡረተኞች ማኅበር ጸሐፊም ወደ መዶሻ ቤት መጣ። ጸሐፊው ቀድሞ ትኬት ቆራጭ የነበረ፣ ዛሬም ሰው ሲያናግር በትንሽ መስኮት በኩል እንደሚያይ አንገቱን የሚሰብቅ ሰው ነው።

«ጠረጴዛህን እንዳለ አምጣልን» አለው። «አንድ ነገር ብቻ። ከዚህች ፎቶ ጋር መመሳሰል አለበት፤ ከላዩ የምንሰቅለው እሷን ነው።»

ፎቶግራፏ ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላት ነበረች። አዲሱ የውሃ ጋን የተመረቀ ዕለት የተነሣች ናት፤ አለቆች ከፊት ተደርድረዋል፣ ከኋላቸው ዐሥራ አራት ፉርጎ በአንድ መስመር ቆሟል። ከቀኝ በኩል አምስተኛው ፉርጎ ቁጥር አራት መቶ ዐሥራ ሰባት ነው። መዶሻ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይቺን እንኳ ብንተዋት…»

«ምን ማለትህ ነው? አንድ ፉርጎ ቢጎድል እነዚያ ሽማግሌዎች በቁማችን ይበሉናል! ራስህ ያስተማርከን አይደለም እንዴ?»

ራሱ ያስተማራቸው ነበር። እሺ አለ።

የአራት መቶ ዐሥራ ሰባትን ነገር በጣቢያው የማያውቅ አልነበረም፤ ያውም የሚያውቀው ግማሹን ነው። ከምረቃው ዕለት ዐሥራ አንድ ቀን በኋላ፣ ይኸው ፉርጎ ከነጭነቱ በዳገቱ አናት ላይ ቆሞ ሳለ በራሱ ተንቀሳቀሰ። ቁልቁል ወርዶ የማቋረጫውን አጥር ጣሰ፤ የዘበኛዋን ክፍል ደረመሰው። ዘበኛዋ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ስለ ነበር ሰው አልሞተም። ፉርጎውን አቁሞ የእጅ ፍሬኑን ያጠበቀው አንድ ፍሬነኛ ነበር፤ ጎልማሳ፣ ሥራውን አክባሪ፣ የሁለት ልጆች አባት። «መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬያለሁ፤ አጥብቄያለሁ» አለ። ከፍርስራሹ የተሰበረ የፍሬን ዘንግ ተገኘ። «የተሰበረው በግጭቱ ነው፤ አንተ አላጠበቅህም» አሉት። ሦስት ሰዎች ያሉበት ጉባኤ ተቀመጠ፤ መርማሪውም ቀረበ።

«ከዚያ በፊት በዚህ ፉርጎ ፍሬን ላይ ጉድለት አይተሃል?»

«አላየሁም» አለ መዶሻ።

አይቶ ነበር። በምረቃው ዕለት ጠዋት ጎንበስ ብሎ ዘንጉ «ጉልበት» ከሚባለው መታጠፊያው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ከፀጉር የማትወፍር ቀይ መስመር አይቶ ነበር። ጉድለት ያየ መርማሪ በፉርጎው ጎን ላይ በጠመኔ ትልቅ ኤክስ ያደርጋል፤ ያን ምልክት የያዘ ፉርጎ ሳይጠገን ንቅንቅ አይልም። መዶሻ ጠመኔውን ከኪሱ አወጣ። ይህን ጊዜ የፈረቃው አለቃ ከኋላው ጮኸበት፤ «ዛሬ በፉርጎ ላይ ምንም ጭረት እንዳላይ! ፎቶ ነው፣ ፎቶ! ነገ የፈለግኸውን ትጽፋለህ!» ጠመኔው ወደ ኪሱ ተመለሰ። በማግሥቱ እሱ ሥራ ሲገባ ፉርጎው ከሌሊቱ ባቡር ጋር ሄዷል። ሲመለስ መዶሻ ተረኛ አልነበረም። ያችን መስመር ረሳት ማለት ሐሰት ይሆናል፤ ሌላ ሰው ያያታል ብሎ ተዋት።

ፍሬነኛው ከሥራ ተባረረ። ከዚያ ወዲህ እህል ተሸከመ፤ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆነ፤ እግሩ ሲደክም ቤት ዋለ። ከሥራው ይልቅ የከበደው ግን የወጣለት ስም ነበር፤ «ልቀቀው» አሉት። በሠራተኞች ክበብ አንድ ተጫዋች ሰው ያወጣው ስም ነው። መጀመሪያ የሳቀው መዶሻ ነበር፤ ሳቁ ከሁሉ የበለጠ ከፍ ያለ ነበር። ስሙ ከልቀቀው ወደ ልጆቹ ተሻገረ፤ ሴት ልጁ ትምህርት ቤት ስትገባ «የልቀቀው ልጅ መጣች፣ ከመንገድ ውጡ!» እየተባለ ይጮህባት እንደ ነበር ከተማው ሁሉ ያስታውሳል። ያስታውሳል ብቻ ሳይሆን አሁንም ይስቅበታል።

መዶሻ አራት መቶ ዐሥራ ሰባትን ለመሥራት ሦስት ሳምንት ፈጀ። በፎቶግራፏ ላይ ፉርጎው ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም፤ ከወገቡ በታች ያለው ጥላ ነው። የቀረውን ከልቡ አወጣው። በሥራ ላይ ሳለ የሚያስብ ሰው አይደለም፤ እጁ ይሄዳል፣ እሱ ይከተለዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ አጉሊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አስሮ፣ የፍሬኑን ክፍል ሲያስረጅ እጁ ሦስተኛውን ብልቃጥ አነሣ። አንድ ፀጉር ብቻ የቀረችው ብሩሽ ዘንጉ ከጉልበቱ ጋር በሚገናኝበት ላይ አንዲት ቀይ መስመር አሰመረች፤ ጫፏን ወደ ታች በትንሹ አደበዘዘች። ከዚያም ፉርጎውን ገልብጦ በሆዱ ላይ የምረቃውን ቀን ጻፈ። ሥራው አማረለት። ሌላ ምንም አላሰበም። ሕጉን አክብሮ ነበር፤ በዚያ ቀን የነበረ እድፍ አይዘለልም።

አዳራሹ የተከፈተ ዕለት ጡረተኞቹ ከነቤተሰባቸው መጡ። ጠረጴዛውን ከበው ጣታቸውን እየቀሰሩ ይከራከራሉ፤ ያ የእኔ መስኮት ነው፣ ያ እኔ የተቀመጥሁበት ድንጋይ ነው፣ ኧረ ድንጋዩንም አልረሳው ይላሉ። መዶሻ ከነክራቫቱ ከጠረጴዛው ራስ ቆሞ ይመልሳል። በዚህ መሐል በሩ ላይ ድምፅ ተሰማ።

«ልቀቀው ነው እንዴ? ጎበዝ፣ ፉርጎዎቹን ያዙ!»

አዳራሹ ሳቀ። መዶሻም ከልማድ ብዛት ፈገግ አለ። ልቀቀው ከዘራውን ተደግፎ ገባ፤ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ቀጥ ያለ ቀጭን ሰው። ከተባረረበት ቀን ጀምሮ የጣቢያውን ደፍ ረግጦ አያውቅም። ሳቁን በእጁ እንደ ዝንብ እሽ አለውና ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ከቀኝ ቆጠረ፤ አምስተኛው ላይ ቆመ።

«ላንሣት?»

አይነካም የሚል ጽሑፍ ከፊቱ ነበር። መዶሻ ግን «አንሣት» አለ፤ ለምን እንዳለ አያውቅም። ልቀቀው ፉርጎዋን እንደ እንቁላል ይዞ መነጽሩን ከፍ አደረገ፤ ገለበጣት፤ ቀኑን አነበበ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቀን እየቆጠረ ነበር። ቀስ ብሎ አቃናትና ጎኗን ወደ ብርሃን አዞረ።

«ይቺ ቀይ መስመር ምንድን ናት?»

እንግዲህ መዶሻ በሕይወቱ ሙሉ ለዚህ ዓይነት ጥያቄ ሲዘገይ ታይቶ አያውቅም። ዐሥራ ሁለት ሰው ያህል ዙሪያውን እያዳመጠ ነበርና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተመልከቱ፣ ይቺ የዝናብ ዝገት አይደለችም። የዝናብ ዝገት ሰፊና ፈዛዛ ነው፤ ከላይ ይወርዳል። ይቺ ቀጭን ናት፣ ደማቅ ናት፣ ከመሐል ነው የምትጀምረው። ብረት ሲሰነጠቅ ሁለቱ ከንፈሮች እርስ በርስ ሲፋተጉ የሚወጣው ዱቄት ነው። እንዲህ ያለች መስመር ያየ ሰው ዘንጉ ከሁለት ሳምንት በላይ እንደማይ…»

ቃሉ አፉ ላይ ቀረ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ መሬት ግን የሰው ፍላጎት አትሰማም፤ ወለሉ እንደተወለወለ ዝም ብሎ ተኝቷል። ከከበቡት ሰዎች ነገሩ የገባው አልነበረም፤ ጸሐፊው እንዲያውም «አያችሁ? አያችሁ እውቀት!» እያለ ያጨበጭብ ነበር። ልቀቀው ግን መዶሻን አየው። ረጅም ጊዜ አይደለም፤ አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ከዚያ ፉርጎዋን በሐዲዱ ላይ አራቱን መንኮራኩር አስተካክሎ አስቀመጣት፤ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክለዋን የፍሬን መሪ በጥፍሩ ነካ አደረጋት።

«አጥብቄያታለሁ» አለ ሰዉን ሁሉ እየተመለከተ። «ምስክር ሁኑኝ፤ በኋላ እንዳትሉኝ።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ልቀቀውም አብሮ ሳቀ። ሊወጣ ሲል በመዶሻ ጆሮ አጠገብ ቆም ብሎ፣ «ቅዳሜ ልጄን ይዤ እመጣለሁ። ያችን መስመር አሳያታለሁ» አለው። ዛቻ አልነበረም፤ ልመናም አልነበረም።

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ መዶሻ እህል አልበላ አለው። ኀሙስ ቀን ለጸሐፊው «የአራት መቶ ዐሥራ ሰባት ማያያዣ ላልቷል፤ ወስጄ ላጥብቀው» አለና ፉርጎዋን በጥጥ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ አመጣት። ማያያዣው አልላላም። በሩን ዘጋ፣ አልኮሉን ከፈተ፣ ጥጥ በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ጠቀለለ። ግማሽ ደቂቃም አልፈጀበትም። በማስረጀት የተካነ እጅ በአንድ ጠረጋ መስመሯን አጠፋ፤ ከዚያ ቦታውን በአቧራ ዱቄት አለበሰው፤ ዘንጉ ከጎረቤቶቹ ዘንጎች በምንም የማይለይ፣ ጤነኛ፣ ምስጉን ዘንግ ሆነ። ዐርብ መልሶ ቦታው ላይ አቆማት።

ቅዳሜ ልቀቀው ሴት ልጁን ይዞ መጣ። ልጅቱ አርባ ዓመት ሊሞላት የተቃረበ መምህርት ናት፤ በልጅነቱ የተሳቀበት ሰው ሁሉ የሚይዘው ዓይነት ጥንቃቄ በአረማመዷ ላይ ቀርቷል። አዳራሹ ባዶ ነበር፤ መዶሻ ብቻውን አቧራ እያራገፈ ነበር።

«ነይ እዚህ» አላት ልቀቀው። ፉርጎዋን አነሣ። «ይቺን ተመልከቺ። እዚህ፣ ከዘንጉ በታች…» ወደ መስኮቱ ሄደ። አዞራት። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ። «እዚህ ነበረች። ቀይ… እዚህ…»

መዶሻ ራፊ ጨርቁን ይዞ እንደ ግንድ ቆመ። ሁለት ቃል ይበቃው ነበር፤ «ጠርጌያት ነው»። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ የውሃ ጋኑን መወልወል ጀመረ።

ልቀቀው ቀና ብሎ አየው፤ ጥቂት ጠበቀው። ከዚያ ትከሻው ወረደ።

«ዓይኔ ነው መሰለኝ» አለ ለልጁ። «አርጅቻለሁ። የሌለ ነገር ነው ያየሁት።»

«ተወው አባዬ፤ እንሂድ» አለች ልጅቱ፤ ዕድሜዋን ሁሉ ስትለው በኖረችው ድምፅ። ፉርጎዋን ከእጁ ተቀብላ ቦታዋ መለሰቻት፤ ወደ መዶሻ ዞራም አንገቷን ሰበረች። «ይቅርታ ያድርጉልን ጋሼ፤ አስቸገርንዎ።»

በዚያ ሰው ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ተፈረደ፤ የአሁኑ ፈራጅ ራሱ ነበር፤ ልጁ ደግሞ ይቅርታ ጠየቀች፤ ይቅርታውንም የተቀበለው መዶሻ ነው፤ «ምንም አይደል» ብሎ። ይህን ቃል በጆሮው የሰማው እነሱ ከወጡ በኋላ ነበር።

እሑድ ረፋዱ ላይ ባለቤቱ ክፍሏን ልትጠርግ ገባችና ከቆሻሻ መጣያው ውስጥ ቀይ የነካው ጥጥ አወጣች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥጥ።»

«ጥጥ መሆኑን የማይበት ዓይን አለኝ። ምን ጠርገህበት ነው? አንተ እኮ እድፍ ስትቀባ እንጂ ስታጠፋ አይቼህ አላውቅም። ፊትህ ደግሞ ከኀሙስ ጀምሮ የታመመ ሰው ፊት ነው። ተናገር እስቲ አንተ ሰውዬ።»

ነገራት። ከጠመኔው ጀምሮ እስከ «ምንም አይደል» ድረስ ሳያስቀር ነገራት፤ ክበቡ ውስጥ የሳቀውን ሳቅ ሳይቀር። እሷ መጥረጊያዋን ተደግፋ ሰማችው። አላለቀሰችም፤ አልተሳደበችም። ሲጨርስ የሚያውቀውን ቀልድ ጠበቀ፤ አልመጣም።

«ያች ልጅ» አለች በመጨረሻ፣ «የእኛ ልጅ ክፍል ነበረች። የእኛዋ ‹የልቀቀው ልጅ› ብላ ስትጠራት ሰምቼ በጥፊ ልመታት ስል አንተ ነህ ‹የልጅ ጨዋታ ነው፣ ተያት› ያልከኝ። ረሳኸው?»

አልረሳውም ነበር። ከነአካቴው አስቦት አያውቅም እንጂ።

«ለእኔ ምን አድርጊ ብለህ ነው የምትነግረኝ? የተባረርሁት እኔ አይደለሁም። ጫማህን አድርግ።»

መዶሻ መጀመሪያ መስመሯን መልሶ ሊያሰምራት ፈለገ። ወደ አዳራሹ ሄዶ ፉርጎዋን አመጣ፤ ሦስተኛውን ብልቃጥ ከፈተ፤ ባለ አንድ ፀጉሯን ብሩሽ ነከረ። ብሩሿ ዘንጉ ላይ ሳትደርስ ቆመች። ዛሬ የጠረገውን ለመሸፈን የምትሰመር መስመር የዛሬ መስመር ናት፤ በሆዷ ላይ የተጻፈው ቀን ደግሞ ሌላ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሲሸሸው የኖረው እውነት በራሱ ሕግ መጥቶ እጁን ያዘው። ብሩሹን አጠበና ፉርጎዋን እንደ ተጠረገች በካርቶን ሣጥን ውስጥ አስቀመጣት፤ ቀዩን ጥጥ ከጎኗ አኖረ፤ ከጠመኔዎቹም አንዱን አከለበት።

የልቀቀው ቤት ከገበያው በስተጀርባ፣ በጠባቡ መንገድ ሦስተኛው ነው። በሩ ቆርቆሮ ነው፤ ከታች በኩል ዝጓል፤ የዝናብ ዝገት፣ ሰፊና ፈዛዛ። መዶሻ ይህን ማየቱን ሲያውቅ በራሱ አፈረ። ሣጥኑን በብብቱ ይዞ በጣቱ አንጓ ሁለት ጊዜ መታ፣ ጆሮውን ዘንበል፣ እንደገና መታ አደረገ።

«አባዬ፣ በር ይንኳኳል» የሚል የልጅቱ ድምፅ ከውስጥ መጣ።

«ተዪው፤ እኔ እከፍታለሁ።»

ከዘራው ሲሚንቶውን እየነካ መቅረብ ጀመረ። መዶሻ የሚናገረውን ያውቃል፤ መንገዱን ሁሉ ሲደጋግመው መጥቷል፤ «አይቼ ነበር፤ አላየሁም አልሁ፤ ኀሙስም ጠረግኋት፤ ይህንኑ በአዳራሹ በሰዉ ሁሉ ፊት እደግመዋለሁ።» ያልተዘጋጀበት ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ቃል ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ሰው «ልቀቀው» እንጂ ሌላ ብሎ ጠርቶት አያውቅም። እናቱ ያወጣችለትን ስም አልረሳውም፤ በጉባኤው ወረቀት ላይ ከራሱ ፊርማ ሁለት መስመር ከፍ ብሎ ተጽፎ ነበር። ያን ስም ከዚህ ደጃፍ ላይ ለመጥራት ግን አፉ የተገባው ስለ መሆኑ እርግጠኛ አይደለም፤ «ልቀቀው» ብሎ መጥራትም ከእንግዲህ አይቻለውም።

መቀርቀሪያው ተሳበ። እናንተ በዚህ ሰው እግር ቆማችሁ ቢሆን፣ በሩ ሲከፈት በየትኛው ስም ትጠሩት ነበር?